የአንድ ቁራጭ ቆዳ ጉዞ፦ ከተቃጠለ ሰው እስከ ቆሰለ ፈረስ

ፈረስ ጎኑ ላይ ሲቆስልና እግሩ ላይ ሲቆስል ነገሩ አንድ አይደለም። የጎን ቁስል ሰፊም ቢሆን ብዙ ጊዜ ዳር ዳሩ እየተሰበሰበ ይጠባል፤ የሚተወውም ጠባሳ ትንሽ ነው። ከጉልበት ወይም ከቋንጃ በታች ያለ ቁስል ግን ወራት አልፈውትም ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይችላል። እዚያ ቦታ ጡንቻ የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው አጥንት፣ ጅማትና የተወጠረ ቆዳ ነው። ወደ መሃል የሚሳብ ትርፍ ቆዳ ከየት ይምጣ? መቆምና መራመድ ያቃተው ፈረስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕድሜው አጭር ነው።

ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ታሪኩ የሚጀምረው ከፈረስ ሳይሆን ከሰው ነው። መሃል ላይም ለሠላሳ ዓመት ያህል ተረስቶ ነበር። ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ።

ቁስል የሚዘጋው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ዙሪያው ያለው ቆዳ ወደ መሃል ሲሳብ ነው። ሁለተኛው ከቁስሉ ዳር የሚነሱ የቆዳ ሴሎች ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ሲድሁ ነው። የፈረስ እግር በአብዛኛው የሚተማመነው በሁለተኛው ነው። ችግሩ ፍጥነቱ ነው፤ በጥናት ሲለካ በጎን ላይ በቀን 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ እግር ላይ ደግሞ 0.09 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። አሁን እግር ላይ ያለ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁስል አስቡ። ከዳር እስከ መሃል 50 ሚሊ ሜትር አለ። 50ን ለ0.09 ስታካፍሉት ከ550 ቀን በላይ ይመጣል። ዓመት ተመንፈቅ ማለት ነው!

ይህም መንገዱ ክፍት ከሆነ ነው። የፈረስ እግር ቁስል ውስጥ የሚያድገው ቀይ አዲስ ሥጋ ብዙ ጊዜ ማቆሚያ ያጣል፤ ከቆዳው በላይ ያብጥና እንደ ጉብታ ይሆናል። ከዳር የሚመጡት ሴሎች ደግሞ ያንን ጉብታ መውጣት አይችሉም። የሚገርመው ይህ ትርፍ ሥጋ ነርቭ የለውም። ሐኪም ሲቆርጠው ብዙ ይደማል እንጂ ሥጋው ራሱ አያምም።

ታዲያ ሴሎቹን ማፍጠን ካልተቻለ መንገዱን ማሳጠርስ? እ.ኤ.አ. በ1869 ፓሪስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ወጣት ሐኪም ዣክ ልዊ ሬቨርዲን ያሳየው ይህንኑ ነው። ከታካሚው ጤነኛ ቆዳ ላይ ጥቃቅን ቁርጥራጮች አንስቶ በክፍት ቁስል ላይ አስቀመጠ። ቁርጥራጮቹ ሥር ሰደዱ፤ ከእያንዳንዳቸውም ዙሪያ አዲስ ቆዳ መስፋፋት ጀመረ። ቁስሉ ከዳር ብቻ ሳይሆን ከመሃሉም መዘጋት ቻለ። እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ዳር ይዞ ስለሚመጣ ነው።

ይህን ሐሳብ ወደ መሣሪያ የቀየረው አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሲሴሮ ፓርከር ሚክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ሥራ አንድ ካሬ ቁራጭ ቆዳ ከቡሽ ላይ አድርጎ በትይዩ በተደረደሩ ምላጮች ውስጥ ማሳለፍን አስተዋወቀ። መጠኑ 42 በ42 ሚሊ ሜትር ነው። መጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ 14 ሰቅ ይሆናል። ከዚያ ቡሹን በ90 ዲግሪ አዙሮ እንደገና ማሳለፍ ነው። 14 በ14 ሲባዛ 196 ይሆናል፤ እያንዳንዳቸው 3 በ3 ሚሊ ሜትር የሆኑ 196 ትንንሽ ካሬዎች ማለት ነው።

ምን ተገኘ? የቆዳው ስፋት አልጨመረም፤ አሁንም ያው ነው። ዳሩ ግን ጨመረ። ሳይቆረጥ የዙሪያው ርዝመት 168 ሚሊ ሜትር ነበር። ከተቆረጠ በኋላ 196 በ12 ሲባዛ 2,352 ሚሊ ሜትር ሆነ። 14 እጥፍ! የቆዳ ሴሎች የሚነሱት ከዳር ስለሆነ፣ ከዚያው ቆዳ 14 እጥፍ መነሻ መስመር ተገኘ ማለት ነው።

ቁርጥራጮቹን እኩል ለማራራቅ ሚክ የተጠቀመው በብዙ እጥፋት የታጠፈ ጎዝ ነው። ቆዳው ጎዙ ላይ ይለጠፍና ጎዙ በአራቱም አቅጣጫ ይሳባል፤ እጥፋቶቹ ሲዘረጉ ካሬዎቹ እኩል እየተራራቁ ይሄዳሉ። ሥራው ግን እጅ የሚፈትን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ታነር፣ ቫንደፑትና ኦሊ ቀለል ያለ አማራጭ ይዘው መጡ፤ ቆዳውን በማሽን ሰንጥቆ እንደ መረብ መዘርጋት። ሐኪሞች ወደ መረቡ ሄዱ። የሚክ ዘዴ ተረሳ።

መረቡ የሚያንሰው ጤነኛ ቆዳ በጣም ሲያንስ ነው። አብዛኛው ሰውነቱ የተቃጠለ ሰው ላይ ጤነኛ ቆዳ ከየት ይገኛል? ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1993 በኔዘርላንድ፣ በቤቨርቫይክ የቃጠሎ ሕክምና ማዕከል፣ ክራይስና ባልደረቦቹ የሚክን ዘዴ አሻሽለው የመለሱት። የተሻለ ማጣበቂያና አስቀድሞ በፋብሪካ የታጠፈ ጎዝ ሥራውን አቀለሉት።

ከዚያ ወደ ፈረስ ተሻገረ። ፈረስን እንደ ሰው አልጋ ላይ አታስተኙትም፤ ይቆማል፣ ይራመዳል፣ እግሩን ያንቀሳቅሳል። ቁስሉም ብዙ ጊዜ ንጹሕ አይደለም። አንድ ወጥ ቆዳ ቢለጠፍበት ከሥሩ ፈሳሽ ሲጠራቀም ወይም ሲንሸራተት ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። ትንንሽ ደሴቶች ከሆኑ ግን ጥቂቶቹ ቢሞቱ ሌሎቹ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኔዘርላንዳዊቷ የእንስሳት ሐኪም ጃሲንታ ዊልሚንክና ባልደረቦቿ የተሻሻለውን የሚክ ዘዴ አልድን ባሉ የፈረስ ቁስሎች ላይ ተጠቅመው ጥሩ ውጤት ማግኘታቸውን አሳተሙ።

ወደ ሒሳባችን እንመለስ። ጎዙ ቆዳውን አራት እጥፍ ስፋት ላይ ቢያዳርሰው፣ በሁለት ጎረቤት ካሬዎች መካከል ያለው ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር ነው። ከሁለቱም በኩል ስለሚዳህ እያንዳንዱ ዳር የሚጓዘው 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። በዚያው ቀርፋፋ የእግር ፍጥነት 17 ቀን ገደማ ነው። ቁርጥራጮቹ ሥር እስኪሰዱ የሚፈጀውን ጊዜና በማዕዘኖቹ መካከል ያለውን ትንሽ ርቀት ጨምሩበት፤ ያም ሆኖ ከ550 ቀን ጋር አይወዳደርም። የሴሎቹ ፍጥነት አልተነካም፤ ያጠረው መንገዱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አልድን ያለ ቁስል ሁሉ ተራ ቁስል አይደለም። ጃክሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1936 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሳርኮይድ ብሎ የሰየመው የፈረስ ቆዳ ዕጢ ትርፍ ሥጋ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1951 ኦልሰንና ኩክ የከብት ኪንታሮት የሚያመጣው ቫይረስ ፈረስ ላይ ተመሳሳይ ዕጢ እንደሚያስነሣ አሳዩ። በአገራችን የጋሪ ፈረሶች ላይ ደግሞ ፈንገስ የሚያመጣው ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባል በሽታ ቆዳቸውን እያቆሰለ ያሠቃያቸዋል። እንዲህ ዓይነት ቁስል ላይ ቆዳ መትከል ፋይዳ የለውም። መጀመሪያ ቁስሉ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት።

የሚክ መሣሪያ በየከተማው የለም። የሬቨርዲን ሐሳብ ግን ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የእንስሳት ሐኪሞች ጥቃቅን የቆዳ ቁርጥራጮችን በማደንዘዣ፣ በመርፌና በስለት አንስተው በቀዩ ሥጋ ውስጥ ሲተክሉ ኖረዋል። ስለዚህ እግሩ ላይ ቀይ ሥጋ ያበጠበት የጋሪ ፈረስ ካያችሁ፣ ባለቤቱ በጋለ ብረት ከመተኮሱ በፊት ወደ ሐኪም እንዲወስደው ንገሩት። እሳቱ ትርፉን ሥጋ ብቻ ለይቶ አያቃጥልም፤ ከዳር በቀን 0.09 ሚሊ ሜትር እየዳሁ የሚመጡትን ሴሎችም አብሮ ይፈጃቸዋል።