ቃልን መልቀም፣ ቃልን መደርደር

ወለጋ ሲነሣ ወርቁንና ቡናውን አስቀድሞ መጥራት የተለመደ ቢሆንም፣ ነቀምቴ ከዚህ ሀብት የማያንስ የቃል መዝገብ ባለቤት ናት። በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነጻ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብ አዲስ ኪዳንን በ1893፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በኦሮምኛ ቋንቋና በግዕዝ ፊደል ለማሳተም የበቁት፣ እንደ እርሳቸው ከባርነት ቀንበር የተላቀቁት አስቴር ጋኖ ቃላቱን በትዕግሥት ለቅመው በመዝገብ ስላሰፈሩላቸው ጭምር ነው። አስቴር ከዚህም በላይ 500 ያህል ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቈቅልሽና ዘፈን ጽፈው ሰበሰቡ፤ ብዙዎቹም በ1894 ለጀማሪ አንባብያን በታተመው መጽሐፍ ገቡ። ሁለቱም በ1904 ወደ ወለጋ መጥተው፣ በነቀምቴ ወጣቶችን አስተማሩ።

እንደ አስቴር ቃላትን ለቅሞ መዝገበ ቃላት የሚያሰናዳ ሊቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው የፊደሉን ተራ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደስታ ተክለ ወልድ በመዝገበ ቃላቶቻቸው አበገደን መረጡ፤ ሕዝቡ ግን ከየኔታ እግር ሥር የተማረውን ሀ ለ ሐ መ አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ለፊደላችን ቍጥር ሲሰጥም ይህንኑ ተራ ተከተለ፤ ለኦሮምኛ ድምፅ የሚያገለግለው ዸ እንኳ ከደ ቀጥሎ፣ ከጀ ቀድሞ ስፍራውን አገኘ።

ስለዚህ ዛሬ በነቀምቴ ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምር ተማሪ ኮምፒውተሩን ሁለት ሁለት ቃል እያነጻጸረ፣ አነስተኛ ቍጥር ያለውን እንዲያስቀድም ቢያዘው፣ ቃላቱ በሀ ለ ሐ መ ይሰለፋሉ። ከተሰለፉም በኋላ ተመሳሳዮቹ ጎን ለጎን ስለሚውሉ፣ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ለማወቅ፣ ቃሉ እስኪለወጥ ድረስ አንድ አንድ እየጨመሩ መቍጠር ብቻ ይቀራል።

ነገር ግን «ዓለም» እና «አለም» በኮምፒውተሩ ዘንድ ሁለት ቃላት ናቸው፤ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ»ም እንዲሁ። አንድ ናቸው ብሎ የሚፈርድ፣ በአንዱ አጻጻፍ አስተካክሎ ለቍጥር የሚያቀርባቸው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ይህ ፍርድ ካልቀደመ፣ ስሌቱ እንከን ባይኖረውም ድምሩ ሐሰት ይሆናል። ስለዚህም በወለጋ ከተሞች ይህን ጥበብ የሚያስተምሩ መምህራን የመጀመሪያውን ልምምድ ከባዕድ መጽሐፍ ከመቅዳት ይልቅ፣ አስቴር ከሰበሰቧቸው ተረቶች ቢያወጡት፣ ተማሪው መደርደርንና መቍጠርን ከነማስተዋሉ ይማራል፤ የአገሩንም ሊቃውንት ድካም በገዛ እጁ ሥራ ያውቃል።