ተጫዋቹና የተወደደው ድምፅ፦ በአሜሪካ ቤዝቦል ውስጥ ስለ ኖረ አንድ ጠብ

በዩናይትድ ስቴትስ የቤዝቦልን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ታላላቅ መቺዎች፣ ስለ ወርዋሪዎችና ስለ ክለብ ባለቤቶች ብዙ ብለዋል። እኛ በዚህ አጭር ሐተታ ልንመረምረው ያሰብነው ግን ከሜዳው ጥግ ያለ የሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም በተጫዋቹና ጨዋታውን በራዲዮና በቴሌቪዥን ለሕዝብ በሚያስተላልፈው ሰው መካከል የኖረው ቅሬታ ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የሁለት ሰዎች ኩርፊያ ይመስላል። ጠለቅ ብለን ስናየው ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለበት፤ ደመወዙን ከአንድ ቤት የሚቀበል ሰው ስለዚያው ቤት ለሕዝብ እውነቱን መናገር ይችላልን? ቢናገርስ የሚጎዳው ማን ነው? (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለጨዋታው እንግዳ የሆነ አንባቢ ነገሩን ለመከተል ሁለት ነገር ቢያውቅ ይበቃዋል። አንደኛ፣ ቤዝቦል ዝግ ያለ ጨዋታ ነው፤ ወርዋሪው ኳሱን ከመልቀቁ በፊት ይቆማል፣ ያስባል፣ ምልክት ይጠብቃል፤ በራዲዮ ይህን ሁሉ ጸጥታ የሚሞላው የአስተላላፊው ንግግር ነው። ሁለተኛ፣ ጨዋታው የመክሸፍ ጨዋታ ነው፤ ከአሥር ጊዜ ሦስቱን በደኅና የመታ ሰው ታላቅ መቺ ይባላል። እንግዲህ በቀሩት ሰባት ጊዜያት አስተላላፊው የሚያወራው ስለ አለመሳካት ነው፤ ያውም በአንድ የጨዋታ ዘመን ቀድሞ 154 ጊዜ፣ ከ1962 ጀምሮ በሁለቱም ሊጎች 162 ጊዜ። በሳምንት አንድ ቀን የሚጫወት ሰው ቢወቀስ ስድስት ቀን ያርፋል፤ የቤዝቦል ተጫዋች ግን ትናንት የተባለበት ሳይበርድለት ዛሬ ደግሞ ይሰለፋል።

የትላልቆቹ ሊጎች ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በራዲዮ የተሰማው ነሐሴ 5 ቀን 1921 በፒትስበርግ ከተማ ሲሆን፣ ያስተላለፈውም የኬዲኬኤ ጣቢያ ባልደረባ ሐሮልድ አርሊን ነው። የክለብ ባለቤቶች አዲሱን ነገር በጥርጣሬ ተመለከቱት፤ ሰው በቤቱ ተቀምጦ በነጻ ከሰማ ማን ቲኬት ይገዛል ብለው ሠጉ። ሦስቱ የኒው ዮርክ ክለቦች በ1934 ተስማምተው ለአምስት ዓመት ራዲዮን ከሜዳቸው አገዱ። ይህ ስምምነት የፈረሰው በ1939 የብሩክሊኑ ክለብ ዶጀርስ ሬድ ባርበር የተባለውን አስተላላፊ ከሲንሲናቲ ባስመጣ ጊዜ ነው።

በዚያ ዘመን በተጫዋቹና በአስተላላፊው መካከል ጠብ ጎልቶ አልታየም። ምክንያቱ ግን አስተላላፊዎቹ ለስላሶች ስለ ነበሩ ብቻ አይመስለንም። ቡድኑ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ አስተላላፊው አብሮ አይጓዝም ነበርና፤ በጣቢያው ክፍል ተቀምጦ በቴሌግራፍ የሚመጣለትን አጭር መልእክት እየተቀበለ ጨዋታውን ዐይቶ እንደሚናገር አድርጎ ለአድማጩ ያወራ ነበር። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን እንኳ በ1930ዎቹ በአዮዋ የቺካጎውን ክለብ የከብስን ጨዋታ በዚህ ዓይነት አስተላልፏል። ያላየውን ጨዋታ ከሩቅ የሚተርክ ሰው ደግሞ ከተጫዋቹ ጋር በአንድ ሆቴል ደጃፍ አይገናኝም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ተለወጠ። አስተላላፊው ከቡድኑ ጋር በአንድ ባቡር፣ ኋላም በአንድ አውሮፕላን መጓዝ፣ በአንድ ሆቴል ማደር ጀመረ። ማታ በራዲዮ የወቀሰውን ሰው ጧት በቁርስ ሰዓት ያገኘዋል። በግ ካራጁ ጋር ይውላል እንደሚባለው ነው፤ ማን በግ ማን አራጅ እንደ ሆነ ግን ሁለቱን ወገኖች ብንጠይቅ መልሳቸው የሚለያይ ይመስለናል። የተጫዋቹ ሚስት ራዲዮውን ከፍታ የሰማችውን ሁሉ ለባልዋ ትነግረዋለች። ትንሿ የትራንዚስተር ራዲዮ ከመጣች ወዲህ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ቀረበ፤ ዶጀርስ በ1958 ወደ ሎስ አንጀለስ በተዛወረ ጊዜ ተመልካቹ በሰፊው ስታዲየም ውስጥ ተቀምጦ፣ ዐይኑ ጨዋታውን እያየ፣ ጆሮው የቪን ስካሊን ድምፅ ይሰማ ነበር። ስካሊ ከ1950 እስከ 2016 ድረስ ለ67 የጨዋታ ዘመናት ለዚያው ክለብ አስተላልፏል። አንድ ተጫዋች ስንት ዘመን ይቆያል? አሥር ዓመት ከቆየ ብዙ ነው። የከተማው ሰው ልጅ ሳለ የሰማውን ድምፅ የልጅ ልጅ ካየ በኋላም ይሰማል፤ በዚህ መሐል ስንት ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂ መጥቶ ሄዷል።

ክለቦችም የዚህን ድምፅ ዋጋ ያውቁ ነበር። በ1948 ብሩክሊን ኤርኒ ሐርዌልን ከአትላንታ ለማስመጣት ክሊፍ ዳፐር የተባለ ኳስ ያዥ ተጫዋች በለውጥ ሰጠ። ተጫዋች ተሰጥቶ አስተላላፊ ሲወሰድ የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

የጠቡን ባሕርይ ከሁሉ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየን የሐሪ ኬሪ ታሪክ ነው። ኬሪ በ1945 በተወለደባት በሴንት ሉዊስ ከተማ የካርዲናልስን ጨዋታ ማስተላለፍ ጀመረ። በዚያ ዘመን ከሴንት ሉዊስ በስተ ምዕራብ የትላልቆቹ ሊጎች ክለብ አልነበረም፤ ስለዚህ የኬሪ ድምፅ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት በእርሻ አገር ለሚኖሩ ሰዎች ይደርስ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከአንድ ተጫዋች ጋር የሚተዋወቁት በኬሪ አፍ ነው። ኬሪ ጎበዝ ካለው ጎበዝ ነው፤ ኬሪ በድምፁ ውስጥ ማዘኑን ካሰማ ደግሞ ያ ሰው በማያውቃቸው ከተሞች ሁሉ ስሙ ይጎድፋል። ኬሪ ደስታውንም ንዴቱንም አይደብቅም ነበር፤ የተወደደውም በዚሁ ነው።

ኬን ቦየር የካርዲናልስ ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂ ነበር። በ1964 የብሔራዊው ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ፤ በዚያው ዓመት በመጨረሻው የዋንጫ ውድድር አራተኛ ጨዋታ ላይ ሦስት ጓደኞቹ በቤዞቹ ላይ ሳሉ ኳሱን ከአጥር አሳልፎ መትቶ ያንኪስን 4 ለ 3 እንዲረቱ አደረገ። ሆኖም ኬሪ ለዓመታት ከወቀሳቸው ተጫዋቾች አንዱ ይኸው ሰው ነበር። የቦየር አጨዋወት የረጋ ነበር፤ እንዲህ ያለው ሰው ሲሳካለት ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ሲከሽፍ ደግሞ ቸል ያለ ይመስላል። በገዛ ሜዳው ሕዝቡ ይጮኽበት ነበር። ከ1965 የጨዋታ ዘመን በኋላ ወደ ኒው ዮርክ ሜትስ ተለወጠ። ኬሪ ራሱም ክለቡ በያዘው የቢራ ኩባንያ በ1969 መጨረሻ ተሰናበተ።

በኦክላንድ አንድ ዓመት ቆይቶ በ1971 ወደ ቺካጎው ዋይት ሶክስ መጣ። ይህ ክለብ ባለፈው ዓመት 106 ጨዋታ ተሸንፎ ነበር፤ የተመልካቹም ቍጥር ግማሽ ሚሊዮን አልሞላም። የኬሪ ውል እንዲህ ነበር፤ ዋና ደመወዙ 50,000 ዶላር ሆኖ፣ የዓመቱ ተመልካች ከ600,000 በላይ ሲሆን ለእያንዳንዱ 100,000 ሰው 10,000 ዶላር ይጨመርለታል። አንባቢያችን በዚህ ውል ላይ ጥቂት ቢያስብ እንወዳለን። ኬሪ የሚኖረው ተጫዋቹ በማሸነፉ ሳይሆን ሰው ወደ ሜዳው በመምጣቱ ነው፤ ስለዚህ ጌታው ክለቡ ይሁን ተመልካቹ ለመለየት ያስቸግራል። በ1971 ተመልካቹ ከ830,000 በለጠ፤ በ1972 ከ1,100,000 አለፈ። (በ1972 ዲክ አለን የተባለ ታላቅ መቺ ስለ መጣ ምስጋናው ሁሉ የኬሪ አይደለም።)

በዚህ ክለብ የቦየርን ዕጣ የደረሰበት ቢል ሜልተን ነው፤ እርሱም ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂ ነበር። ሜልተን በ1971 ዓመት 33 ሆም ረን መትቶ የአሜሪካን ሊግን መራ፤ ከክለቡ ተጫዋቾች ይህን ያደረገ ከእርሱ በፊት አልነበረም። በ1972 የጀርባ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከሜዳ አራቀው፤ ከዚያ በኋላም የቀድሞው ኀይሉ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰለትም። ኬሪ ግን በየማታው የሚያየው የዕለቱን ስሕተት ነውና የዕለቱን ስሕተት ይናገር ነበር። አሠልጣኙ ቸክ ታነርም በኬሪ አነጋገር አልተደሰተም። በ1975 ሜልተንና ኬሪ በሚልዎኪ ከተማ በሆቴል አዳራሽ ፊት ለፊት ተጣሉ። የክለቡ ባለቤት ጆን አሊን በዚያው ዓመት መከር ላይ፣ በመጪው ዓመት ክለቡ በእጁ ከቆየ ኬሪን እንደማያስቀጥለው በይፋ ተናገረ።

ክለቡ ግን በእጁ አልቆየም። በገንዘብ ተጨንቆ በታኅሣሥ ወር ለቢል ቪክ ሸጠው። አዲሱ ባለቤት ኬሪን አስቀረ፤ ሜልተን በዚሁ ወር ወደ ካሊፎርኒያ ኤንጅልስ ተለወጠ። ቪክ ቆየት ብሎ ኬሪ በጨዋታው ዕረፍት ላይ ከሕዝቡ ጋር እንዲዘምር አደረገው፤ የኬሪ ዝናም ከዚህ በኋላ ይበልጥ ሰፋ።

እኛ እንደሚመስለን ከዚህ ታሪክ ውስጥ የተጫዋቹ ቅሬታ በከንቱ የመጣ አይደለም። እስከ 1975 መጨረሻ ድረስ ተጫዋች ውሉ ቢያልቅም እንኳ በክለቡ ተይዞ ይቀር ነበር፤ ወደሚወደው ክለብ መሄድ አይችልም፤ ደመወዙንም በየክረምቱ ከባለቤቱ ጋር ብቻውን ይከራከራል። የዝቅተኛው ደመወዝ ልክ በ1967 በዓመት 6,000 ዶላር ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሕዝቡ የሚጮኽበት ተጫዋች በክርክሩ ጊዜ እጁ ባዶ ነው። ስለዚህ አስተላላፊው በራዲዮ የሚለው ቃል የስም ነገር ብቻ ሳይሆን የእንጀራ ነገር ነበር። የዳኛው የፒተር ሳይትዝ ፍርድ ይህን ሥርዓት የሰበረው ሜልተንና ኬሪ በተለያዩበት በዚያው በታኅሣሥ 1975 ነው።

በሌላ በኩል ግን አስተላላፊው ነጻ ሰው ነበር ብሎ ማሰብ ስሕተት ይሆናል። ሬድ ባርበር በመጨረሻ ለያንኪስ ይሠራ ነበር፤ ክለቡም በዚያን ጊዜ የሲቢኤስ ኩባንያ ንብረት ሆኖ ነበር። በመስከረም 22 ቀን 1966 በትልቁ የያንኪ ስታዲየም የተገኙት ተመልካቾች 413 ብቻ ነበሩ። ባርበር ካሜራው ባዶውን መቀመጫ እንዲያሳይ ጠየቀ፤ ከለከሉት፤ እርሱ ግን የዕለቱ ዋና ዜና ይህ ነው ብሎ ለአድማጮቹ ተናገረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ውሉ እንደማይታደስ ተነገረው። ተጫዋችን የነካ አስተላላፊ ብዙ ጊዜ በቦታው ሲቆይ፣ የባለቤቱን ኪስ የነካው ባርበር ወዲያው ወጣ። ተጫዋቾቹ ይህን ያዩ ነበር፤ ድፍረቱ ሁሉ ወደ ታች ብቻ ነው ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል?

ተጫዋቾች ከጥንት ጀምሮ የሚያነሡት አንድ መከራከሪያ ነበራቸው፤ እርሱ መቺ ሆኖ ቆሞ አያውቅም የሚል። የቀድሞ ተጫዋቾች በማስተላለፊያው ወንበር በተቀመጡ ጊዜ ይህ ክርክር ዋጋ ያጣ መስሎ ነበር፤ ጠቡ ግን አልበረደም። ቲም ማካርቨር በ1964 ከቦየር ጋር ለካርዲናልስ የተጫወተ ኳስ ያዥ ነው፤ ኬሪ ስለ ጓደኛው የሚለውን ሁሉ የሰማ ሰው ነው ማለት ነው። በ1992 ዲዮን ሳንደርስ በአንድ ቀን ለፋልከንስ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫውቶ ማታውን ከብሬቭስ ጋር ለመገኘት ወደ ፒትስበርግ በመብረሩ ማካርቨር በቴሌቪዥን ነቀፈው። ብሬቭስ ሊጉን ባሸነፈበት ሌሊት ሳንደርስ በልብስ መለወጫው ክፍል በማካርቨር ላይ ደጋግሞ ውሃ ደፋበት።

በ2004 በከብስ ዘንድ ደግሞ ወርዋሪው ኬንት መርከር ጨዋታ በመካሄድ ላይ ሳለ ወደ አስተላላፊዎቹ ክፍል ስልክ ደውሎ ስለ አነጋገራቸው አማረረ። ከሚወቀሱት አንዱ ስቲቭ ስቶን ሲሆን፣ እርሱም በ1980 ለባልቲሞር 25 ጨዋታ አሸንፎ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የተባለ ነው፤ ለብዙ ዓመታትም ከኬሪ ጎን ተቀምጦ አስተላልፏል። ክለቡ በመጨረሻው ሳምንት ወድቆ ዕድሉን አጣ፤ ስቶን በጥቅምት ወር ሥራውን ለቀቀ። በዚህ ጊዜ ተጫዋቹ በሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር የሚከፈለው ሆኗል፤ የእንጀራ ፍርሃቱ አልፎ የቀረው የክብር ጥያቄ ነው።

በቦስተን የሆነው ከሁሉ ይከብዳል። በሰኔ 2017 የኤድዋርዶ ሮድሪገዝ የልምምድ ጨዋታ ውጤት በቴሌቪዥን ሲታይ ዴኒስ ኤከርስሊ አንዲት የመጸየፍ ቃል አወጣ። በዚያው ቀን ወደ ቶሮንቶ በሚሄደው አውሮፕላን ላይ ወርዋሪው ዴቪድ ፕራይስ በጓደኞቹ ፊት ገሠጸው፤ ከተጫዋቾቹም አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ኤከርስሊ በዝና አዳራሽ የገባ ወርዋሪ ነው። መክሸፍ ምን እንደ ሆነም ከእርሱ በላይ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ በ1988 በዋንጫው የመጀመሪያ ጨዋታ አንድ ሰው ብቻ ሊያወጣ ሲቀረው ከርክ ጊብሰን ሆም ረን መትቶ ድሉን ቀምቶታል፤ በቴሌቪዥን ሲያስተላልፍ የነበረውም ቪን ስካሊ ነው። ኤከርስሊ በጨዋታ ዘመኑ ስለ ራሱ ክፉ ቀን በግልጥ ስለሚናገር የተመሰገነ ሰው ነበር፤ ስለ ሌላው ክፉ ቀን ሲናገር ግን ያው ግልጥነት በደል ሆኖ ተቈጠረበት። ቢሆንም እስከ 2022 ድረስ በወንበሩ ቆየ።

ቢል ሜልተን መጫወት ካቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ቺካጎ ተመልሶ በቴሌቪዥን የዋይት ሶክስ ጨዋታ ተንታኝ ሆነ። በ2024 እስኪሞት ድረስ የከተማው ሰው ወዶታል፤ በጨዋታው ፊትና ኋላ ተቀምጦ የዕለቱን ተጫዋቾች፣ ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂዎቹንም ጭምር፣ ሲመዝን ብዙ ዓመት ሰምቶታል።