ጣፋጩን ለማግኘት ውሃውን ማባረር፦ የሜፕል ሽሮፕ ረጅም ታሪክ

እስቲ አንድ ጓሮ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ወሩ መጋቢት ነው፤ ቦታው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የምትገኘው ቬርሞንት። በረዶው ገና ቀልጦ አላለቀም። የቤቱ ባለቤት የሲሚንቶ ብሎኬት ደርድሮ የነፋስ መከላከያ ሠርቷል። በመሃሉ የፕሮፔን ጋዝ ምድጃ ይንቀለቀላል፤ ምድጃው የተገዛው ለበዓል ተርኪ ለመጥበስ ነበር። በላዩ ላይ ምግብ ቤቶች ለቡፌ የሚጠቀሙበት ዓይነት ዝርግ የብረት ዕቃ ተጥዷል። ዕቃው ውስጥ ያለው ውሃ ይመስላል። ብትቀምሱትም ያው ውሃ ነው ማለት ይቻላል፤ ትንሽ ብቻ ይጣፍጣል። ከሜፕል ዛፍ ግንድ ጠብ ጠብ እያለ የተጠራቀመ ነው። ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ እያፈላው ነው፤ ማታም ድረስ ላይጨርስ ይችላል።

አሁን ጎንበስ ብላችሁ የጋዙን ሲሊንደር እዩት። ከእሳቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ቢቀመጥም፣ ላዩ ላይ አመዳይ ጋግሯል። እሳት የሚያቀጣጥለው ዕቃ ራሱ እንዴት በረዶ ያወጣል? ይህን ጥያቄ ያዙት፤ እንመለስበታለን። መጀመሪያ ግን ሰውየው ለምን ቀኑን ሙሉ እንደሚደክም እንይ።

ሜፕል በክረምቱ መጨረሻ፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሆኖ ቀኑ ሲሞቅ፣ በግንዱ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል። በዚያን ጊዜ ግንዱ ትንሽ ከተበሳ ፈሳሽ ያወጣል። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ስኳር 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሽሮፕ ለመባል ግን ወደ 66 በመቶ መድረስ አለበት። የቬርሞንት ሰዎች ለዚህ ቀላል ስሌት አላቸው፦ 86ን በፈሳሹ የስኳር መቶኛ አካፍሉት። 86 ለ 2 ሲካፈል 43 ነው። በቃ፣ 1 ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 43 ሊትር የዛፍ ውሃ ያስፈልጋል። 42ቱ ሊትር መባረር አለበት።

ችግሩ ደግሞ ውሃ በቀላሉ የሚባረር ነገር አለመሆኑ ነው። 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ድረስ ወደ 400 ኪሎ ጁል ይፈልጋል። ከፈላ በኋላ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመቀየር ግን ተጨማሪ 2260 ኪሎ ጁል ገደማ ይፈጃል፤ ከአምስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ውሃ ማፍላት ሻይ እንደማፍላት ቀላል ነው፤ ውሃ ማትነን ግን ሌላ ነገር ነው። የሜፕል ሽሮፕ ታሪክ እንግዲህ ይህን ሂሳብ ማን፣ በምን እንደከፈለ የሚናገር ታሪክ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ከፋዮች የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ናቸው፦ አኒሺናቤ፣ ሀውደኖሾኒ፣ አቤናኪና ሌሎችም። ፈረንጆች ከመምጣታቸው በፊት የዛፉን ውሃ ያውቁት ነበር። ከበርች ዛፍ ልጣጭ ውሃ የማያፈስ ዕቃ ይሠሩ ነበር። እነርሱ ካገኟቸው ዘዴዎች አንዱ ደግሞ እሳት እንኳ አይፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ1755 ጄምስ ስሚዝ የሚባል የ18 ዓመት ወጣት በነባር ሕዝቦች ተማረከ፤ ከዚያም እንደ ቤተሰብ አባል ተቀብለውት አብሯቸው ለዓመታት ኖረ። ትዝታውን በ1799 ሲያሳትም ያየውን አንድ ነገር ጻፈ። በአንድ ወቅት ሴቶቹ በቂ ትልልቅ ድስት አልነበራቸውም። ስለዚህ የዛፉን ውሃ ሰፊና ጥልቀት በሌለው የልጣጭ ዕቃ ውስጥ ያሳድሩታል። ሌሊት ላዩ ይረጋል። ጠዋት በረዶውን እየሰበሩ ይጥሉታል። ስሚዝ ስኳሩን እየጣላችሁት አይደለም ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እነርሱም የሚጥሉት ውሃ ብቻ እንደሆነ፣ ስኳሩ እንደማይረጋ ነገሩት።

ልክ ነበሩ! ውሃ ሲረጋ ሞለኪውሎቹ በሥርዓት ይደረደራሉ፤ ስኳሩን አብዛኛውን ወደ ውጭ ይገፉታል። ስለዚህ በረዶው ንጹሕ ውሃ ሊባል ምንም አይቀረውም፤ ከታች የቀረው ፈሳሽ ግን ይበልጥ ይጣፍጣል። እንጨት አልነደደም፤ ሥራውን የሠራው የሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው፣ ያውም በነፃ። ብርዱ ብቻውን ሽሮፕ አያደርሰውም፤ የመጨረሻው ሥራ የእሳት ነው። ግን የማገዶው ሂሳብ በእጅጉ ቀለለ።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ትንሽ ያሳዝናል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ የሚበሉት ስኳር በአብዛኛው ከካሪቢያን ደሴቶች ይመጣ ነበር። ሸንኮራ አገዳውን የሚቆርጡት፣ የሚጨምቁትና የሚያፈሉት ከአፍሪካ በግዳጅ የተወሰዱ ባሪያዎች ነበሩ። የባርነት ተቃዋሚዎች፣ በተለይ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች፣ ሜፕልን አይተው ተስፋ አደረጉ። የፊላደልፊያው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ በ1791 ለቶማስ ጄፈርሰን ስለዚህ ዛፍ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። አሜሪካ ስኳሯን ከራሷ ደን ካገኘች፣ የባሪያ ጉልበት ያፈራውን ስኳር ማንም አይገዛም የሚል ሐሳብ ነበረው።

ጄፈርሰን በሐሳቡ ተማረከ፤ በቨርጂኒያ ርስቱ በሞንቲሴሎ የሜፕል ችግኞች አስተከለ። አብዛኞቹ ሞቱ። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ራሱ በሕይወት ዘመኑ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት የያዘ ነው።

ሐሳቡ ለምን አልሠራም? አንዱ ምክንያት ያ የ86 ስሌት ነው። የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ከ10 በመቶ በላይ ስኳር አለው፤ ስለዚህ መትነን ያለበት ውሃ በብዙ እጥፍ ያንሳል። የተጨመቀው አገዳም ደርቆ ማገዶ ይሆናል። ሜፕል ግን ለመበሳት እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከ30 ዓመት በላይ ይፈልጋል፤ ፈሳሽ የሚሰጠውም በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። የአገዳው ስኳር ርካሽ የሆነው ሌላም ሂሳብ ስለነበረ ነው፤ ያንን ሂሳብ የሚከፍሉት ደግሞ ባሪያ የተደረጉት ሰዎች በሕይወታቸው ነበር። ጥሩ ሐሳብ ብቻውን ገበያውን አላሸነፈም።

ሜፕል ግን አልጠፋም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገበሬዎች ክብ የብረት ድስታቸውን እየተዉ ወደ ዝርግ ዕቃ ተሻገሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ዝርግ ሲሆን ብዙ ገጽ እሳት ያገኛል፣ እንፋሎቱም ሰፊ መውጫ ያገኛል። የቬርሞንቱ ሰውዬ የቡፌ ዕቃ የመረጠውም ለዚሁ ነው።

ታዲያ ሲሊንደሩ ለምን አመዳይ ያዘ? ፕሮፔንን በ1910 ከቤንዚን ውስጥ ለይቶ ያወቀው ዋልተር ስኔሊንግ የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ነው። ፕሮፔን በተለመደው የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ይፈላል። በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ የሆነው ታምቆ ስለተያዘ ነው። ቧንቧው ሲከፈት ግፊቱ ቀንሶ መፍላት ይጀምራል። ለመፍላት ደግሞ ልክ እንደ ውሃው ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱን ከራሱና ከሲሊንደሩ ብረት ይወስዳል። ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት በላዩ ይረጋል። ስለዚህ በዚያ ጓሮ የሚፈላው አንድ ነገር አይደለም፤ ሁለት ነው። አንዱ እየፈላ ሌላውን ያፈላል።

ሂሳቡንም እንሥራው። 42 ሊትር ውሃ ለማትነን ወደ 111 ሜጋ ጁል ያስፈልጋል። 1 ኪሎ ፕሮፔን 46 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጣል። ምንም ሙቀት ባይባክን 2.4 ኪሎ በበቃ ነበር። ነገር ግን ጓሮ ውስጥ ግማሹ ሙቀት ለነፋስ ይሄዳል ብለን ብናስብ፣ ወደ 5 ኪሎ ይሆናል። እዚያ አገር የተለመደው ሲሊንደር 9 ኪሎ ይይዛል፤ 2 ሊትር ሽሮፕ እንኳ ሳይሞላ ያልቃል ማለት ነው። ትልልቅ አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፈሳሹን ከማፍላታቸው በፊት በግፊት በማጣሪያ ያሳልፉታል። ስኳሩ ከ2 ወደ 8 በመቶ ከፍ ካለ፣ 43ቱ ሊትር ወደ 11 ገደማ ይወርዳል። ሐሳቡ ከሴቶቹ ዘዴ ጋር አንድ ነው፦ ከእሳት በፊት ውሃውን ቀንሱ።

ሥራው ሲታይ ቀላል ቢመስልም አደጋ አለው። በተዘጋ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ምድጃ ማንደድ ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። አመዳይ የያዘን ሲሊንደር በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ አይሞከርም። በእርሳስ የተበየደ አሮጌ ዕቃም አይሆንም፤ ማፍላት የሚያጠራቅመው ስኳሩን ብቻ አይደለም፣ መርዙንም ነው።

እናንተ ግን ያለ እሳት የምትሞክሩት አንድ ነገር አለ። በአንድ ብርጭቆ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጡና በዝርግ ሳህን ማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት። ግማሹ ሲረጋ በረዶውን አውጡ፣ በትንሽ ንጹሕ ውሃ አለቅልቁትና ቅመሱት። ከዚያ ሳህኑ ላይ የቀረውን ቅመሱ። ስሚዝ የጠየቀውን ጥያቄ እናንተም ጠይቃችሁ፣ ሴቶቹ የሰጡትን መልስ በምላሳችሁ ታገኙታላችሁ።