ቴሌን የሚዘክር የአየር ፖስታ ቴምብር፦ ከጅቡቲ እስከ ጎባ

የአየር ፖስታ መታሰቢያ ቴምብር ሁለት ሥራ አለው። ደብዳቤው በአውሮፕላን እንዲሄድ የተጨመረው ዋጋ መከፈሉን ያረጋግጣል፤ አንድን ክንውንም ይዘክራል። የሚዘከረው ቴሌኮሙኒኬሽን ሲሆን ነገሩ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል፤ ደብዳቤው ኋላ ገበያውን የሚሻማውን ስልክ እያወደሰ ይጓዛልና። ምክንያቱ አስተዳደራዊ ነው። በኢትዮጵያም እንደ ብዙ አገሮች ፖስታ፣ ቴሌግራፍና ስልክ ለረጅም ጊዜ በአንድ ሚኒስቴር ሥር ነበሩ። ቴሌ በቦርድ የሚተዳደር ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በ1945 ዓ.ም. ነው።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የአየር ፖስታ ቴምብር ራሱ መታሰቢያ ነበር። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማይዬ አንዲት ፖቴዝ 25 ከጅቡቲ አንሥቶ አዲስ አበባ አሳረፈ፤ የመንግሥት የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ነበረች። ለዚህ ሲባል አዲስ ቴምብር አልተሣለም። የንግሥት ዘውዲቱና የአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ምስል ባለባቸው፣ ከአንድ መሐለቅ ስምንተኛ እስከ 3 ብር ዋጋ ባላቸው 10 ነባር ቴምብሮች ላይ የአውሮፕላን ሥዕል ተደርቦ ታተመ። ከሥዕሉ ጋር ያለው የአማርኛ ጽሑፍ የኢትዮጵያ መንግሥት አውሮፕላን መምጣቱን ከነቀኑ ያስታውቃል። መደበኛ የአየር ፖስታ መስመር ገና ስላልነበረ፣ ቴምብሩ አገልግሎቱን ቀድሞ ተወልዷል ማለት ይቻላል። በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ካርታና አውሮፕላን የያዙ ቴምብሮች ተከተሉ። የጣሊያን ወረራ ያቋረጠው የአገር ውስጥ አየር ፖስታ ታኅሣሥ 20 ቀን 1939 ዓ.ም. ሲቀጥል፣ ያም ቀን በነባር ቴምብሮች ላይ ታትሟል።

ቴሌኮሙኒኬሽንና አየር ፖስታ በአንድ ቴምብር ላይ በግልጽ የተገናኙት ግንቦት 9 ቀን 1957 ዓ.ም. መቶኛ ዓመቱን ባከበረው የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በዓል ነው። ኅብረቱ በ1857 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተመሠረተው ለቴሌግራፍ ነበር። ኢትዮጵያ ለበዓሉ ቴምብር አውጥታለች። ማይዬ የተነሣባት ጅቡቲ ግን ያኔ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ዋና ከተማ ነበረች፤ ግዛቲቱም እንደ ሌሎቹ የፈረንሳይ ባሕር ማዶ ግዛቶች ሲንኮም ሳተላይትን የያዘውን የጋራ ንድፍ በአየር ፖስታ ቴምብርነት አሳተመች።

የባሌ ደጋ ከዚህ ታሪክ ጋር የሚገናኘው በቴምብሩ ሥዕል ሳይሆን በፖስታው ላይ ባለው ማኅተም ነው። ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ጠቅላይ ግዛት ስትሆን ዋና ከተማዋ ጎባ ሆነች፤ ለጎባና ለሮቤ የሚያገለግለውም አንድ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 አውሮፕላኖች ይመላለሱበት በነበረበት ዘመን ከአዲስ አበባ በመኪና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው አገር በአየር የሰዓታት መንገድ ሆነ። 

ሰብሳቢዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ወደ ውጭ አገር የተላከ ደብዳቤ ላይ የአየር ፖስታ ቴምብርና የጎባ ማኅተም መኖሩ፣ ደብዳቤው ከጎባ በአውሮፕላን መነሣቱን አያረጋግጥም። በዲንሾ፣ በአዳባና በዶዶላ በኩል በመኪና ሻሸመኔ ወርዶ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ብቻ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ሊጠቁም የሚችለው የአዲስ አበባ የመተላለፊያ ማኅተም ቀን ነው፤ ማኅተሙም ከተመታ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በፖስታው ጀርባ ነው። ቴምብሩን ከፖስታው አላቅቆ በአልበም የለጠፈ ሰብሳቢ ይህን ማስረጃ አብሮ ጥሎታል።