የባለቤትነት ሶፍትዌር በክፍት ስርዓተ ክወናዎች ላይ

የባለቤትነት ሶፍትዌር ማለት ምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራመሮች የጻፉት መነሻ ጽሑፍ፣ በባለቤቱ እጅ ብቻ የሚቆይና ተጠቃሚው በፈቃድ ይገለገልበት እንደሆነ እንጂ ሊመረምረውም ሊያሻሽለውም የማይችል ፕሮግራም ነው። ክፍት ስርዓተ ክወና በአንጻሩ የኮምፒውተሩን አካላት የሚያስተዳድርና ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚያሠራ፣ ምንጭ ኮዱም ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ መሠረታዊ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው ሊኑክስ ላይ የተመሠረቱት ስርዓቶች እንዲሁም ፍሪቢኤስዲና ሃይኩ በዚህ ወገን ይመደባሉ። በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ የእነዚህ ስርዓቶች ተጠቃሚዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ የባለቤትነት ሶፍትዌር እንዲሠራባቸው ማድረግ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። በኢትዮጵያ የጉዳዩ ዋነኛ ማሳያ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ሶፍትዌር ነው።

የችግሩ መነሻ

ለዊንዶውስ የተዘጋጀ ፕሮግራም መስኮት ለመክፈት፣ ፋይል ለማስቀመጥም ሆነ የተነካውን ቁልፍ ለማወቅ የዊንዶውስን አገልግሎቶች በስማቸው ይጠራል፤ በሊኑክስ ላይ ግን እነዚያ አገልግሎቶች በዚያ ስምና በዚያ ሥርዓት ስለማይገኙ ፕሮግራሙ አይነሳም። ባለቤቱ ፕሮግራሙን ለአዲሱ ስርዓት እንደገና ማዘጋጀት፣ መፈተሽና ለደንበኞች ጥያቄ መልስ መስጠት ይኖርበታል፤ ተጠቃሚው ጥቂት ሲሆን ይህ ወጪ አይመለስም። ተጠቃሚው ደግሞ የለመደው ፕሮግራም እስካልተገኘ ድረስ ወደ አዲሱ ስርዓት ስለማይሻገር፣ አንዱ የሌላውን መምጣት እየጠበቀ ሁለቱም ባሉበት ይቀራሉ።

አራቱ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ባለቤቱ ራሱ ሥራውን እንዲወስድ ማሳመን ሲሆን፣ የኤንቪዲያ ኩባንያ ለፍሪቢኤስዲ ያቀረበው የግራፊክስ ካርድ ማሠሪያ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው የተኳኋኝነት ሽፋን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ዋይን የዊንዶውስን አገልግሎቶች በሊኑክስ ላይ እንደ አዲስ በመጻፍ ፕሮግራሙ ሳይለወጥ እንዲሠራ ያደርጋል፣ ፍሪቢኤስዲም ለሊኑክስ የተዘጋጁ ፕሮግራሞችን የሚያሠራ ተመሳሳይ ሽፋን አለው። ሦስተኛው የፕሮግራሙን የፋይል አጻጻፍ ደንብ ተከትሎ አቻ ፕሮግራም መሥራት ነው። አራተኛው ባለቤቱ ምንጭ ኮዱን መልቀቁ ነው።

የግዕዝ ፊደል ታሪክ

እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የአማርኛ መጻፊያዎች በዊንዶውስ ላይ ተስፋፍተው ለሕትመትና ለቢሮ ሥራ ትልቅ ውለታ ውለዋል። ይሁን እንጂ ከዩኒኮድ በፊት በነበረው አሠራር አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቦታ ቢበዛ 256 ሲሆን፣ 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርጻቸው ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ሆሄያት፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ፊደሉን በየራሳቸው ዘዴ ከፋፍለው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀመጡት። ውጤቱም ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝርግፍ ሆኖ መታየቱ ነው።

ይህን ቋጠሮ የፈታው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የማይደጋገም ቁጥር የሚሰጥ መስፈርት ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደል በዚያ እትም የራሱን ስፍራ አገኘ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ፣ የግዕዝ ፎንት እስካለ ድረስ፣ ያው ጽሑፍ ሆኖ ይነበባል።

የቀረው አጻጻፉ ነበር። «ሰላም» ብሎ ለመጻፍ የኤስ ቁልፍ ሲነካ «ስ» ይወጣል፤ የኢ ቁልፍ ሲከተል ግን የወጣው ፊደል ተመልሶ ወደ «ሰ» መለወጥ አለበት። አንድን ቁልፍ ከአንድ ፊደል ጋር ብቻ የሚያዛምድ ሰንጠረዥ ይህን አይችልም፤ ቀድሞ የተጻፈውን የሚያይና የሚያርም ፕሮግራም ያስፈልጋል። በዋይን ውስጥ የሚሠራ የዊንዶውስ መጻፊያም የሚያገለግለው በዚያው በዋይን ውስጥ የተከፈቱትን ፕሮግራሞች ብቻ ነው።

መፍትሔው ከኪማን መጣ። ኪማን በባለቤትነት የተያዘ የዊንዶውስ የቁልፍ ሰሌዳ ፕሮግራም ቢሆንም የቁልፍ ሰሌዳዎቹ ደንብ የሚጻፈው ማንም ሊያነበው በሚችል ተራ ጽሑፍ ነበር። በዚህም ምክንያት ኬኤምኤፍኤል የተባለ ነፃ ፕሮግራም ያንኑ ደንብ በሊኑክስ ላይ ማንበብ ቻለ። ኤስአይኤል ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ኪማንን ከተረከበ በኋላ ደግሞ ምንጭ ኮዱ ተለቀቀ፣ የሊኑክስ እትምም ተከተለ። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ በዚሁ መድረክ ይገኛል።

ለአገር ውስጥ ያለው ፋይዳ

የደቡብ አቸፈር ወረዳ መዲና በሆነችው በዱርቤቴ፣ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ማመልከቻና ውል በኮምፒውተር ለሚያስጽፍ ባለጉዳይ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በዱርቤቴ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ የመሬት ኪራይ ውል በፍላሽ ተይዞ ፍኖተ ሰላም ላይ ፎንቱ በሌለው የሊኑክስ ኮምፒውተር ቢከፈት፣ ወረቀቱ እንጂ ፋይሉ አይነበብም። በዩኒኮድ የተጻፈው ግን ፕሮግራሙ ቢለወጥም ቃሉ አይለወጥም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ወደ ክፍት ስርዓተ ክወና መሻገር የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት አስቀድሞ የቆዩ ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ ማስለወጥ ይገባዋል፤ ከሶፍትዌር ባለቤትም ፕሮግራሙን ከመጠየቁ በፊት የፋይሉን አጻጻፍ ደንብ መጠየቅ ይኖርበታል፣ ባለቤቱ ድጋፉን ቢያቋርጥ እንኳ ደንቡን የሚያውቅ ሌላ ባለሙያ የሕዝቡን ጽሑፍ ከመጥፋት ሊያድነው ይችላልና።