የድንች ዘር ሲያረጅ

«የድንቹ ዘር አረጀ» ይላል ገበሬ፣ ምርቱ ከዓመት ዓመት ሲያንስበት። አባባሉ ደስ ይላል፤ ግን ያሳስታል። ስንዴ ሲሆን «ዘር» የምንለው ፍሬውን ነው። ድንች ሲሆን ግን ከመሬት ቆፍረን ያወጣነውን ራሱን ድንቹን። (የድንች ትክክለኛው ዘር ያለው አበባው ሲረግፍ በምትንጠለጠለው፣ ጥሬ ቲማቲም በምትመስል ትንሽ ፍሬ ውስጥ ነው፤ ማን አይቷት!) የሚተከለው እንግዲህ ልጅ አይደለም፤ እናቲቱ ራሷ ናት፣ ከነበሽታዋ።

አረጀ የሚባለው ዘር አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ የታመመ ነው። አውሮፓውያንም ለረጅም ዘመን እርጅና ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግን የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የቅጠል መጠቅለል በሽታ ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛ እንደሚጋባ አሳዩ። አጋቢው ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ነው።

ተንኮሉ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ የታመመ ተክል የሚሰጠው ትንንሽ ድንች ነው። ገበሬው ትልልቁን ገበያ ያወጣል፣ ትንንሹን ለዘር ያስቀምጣል። ሳያውቅ በሽታውን መረጠ ማለት ነው።

የተጠቀለለው ቅጠል ሲዳስሱት እንደ ደረቅ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ምልክት የማያሳይ ተክል ግን ዓይንን ያታልላል። ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ኤላይዛ በሚባለው ምርመራ፣ የቅጠሉ ጭማቂ በፕላስቲክ ገበታ ጉድጓዶች ውስጥ ይጨመራል፤ የታመመው ቢጫ ይሆናል። ላቦራቶሪ የሌለው ገበሬ ድንቹ ሲያብብ ከጤነኞቹ ጎን እንጨት ይተክላል፤ በቁፋሮ ጊዜ ዘር የሚወስደው ከነሱ ሥር ብቻ ነው።