ከደጅ ጥናት እስከ ላውንጅ፦ ከአሶሳ የመጣ ሰው የት ይቀመጥ?

ከእኛ መካከል አንዷ የአሶሳ ልጅ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከወንድሟ፣ ከእናቷና ከአክስቷ ጋር ሆና ወደ ውጭ አገር ተጓዘች። ጉዞው ለአክስቷ ሕክምና ነበር። በመሃል አንድ የሰው አገር አየር ማረፊያ ላይ ስድስት ሰዓት መጠበቅ ግድ ሆነ። ወንድሟ በሥራው ምክንያት ብዙ ስለሚበር ኪሱ ውስጥ «ጎልድ» የሚባለው ካርድ አለው። በኩራት መንገድ እየመራ ወደ ላውንጁ ወሰዳቸው።

እንግዳ ተቀባይዋ ካርዱን አየች፣ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ቀና ብላ ቆጠረች። «አንድ እንግዳ ብቻ» አለች። ወንድምየው ታማሚዋ አክስት ከእሱ ጋር ይግቡ አለ። አክስት ግን ከበርታ ቋንቋ ሌላ አያውቁም፤ ወንድምየው ደግሞ ከተማ ያደገ ነውና በርታው ስብርብር ያለ ነው። እህታቸው ከሌሉ የት እንደሚያማቸው እንኳ በወጉ አይናገሩም። ገንዘብ እንክፈል ተባለ። አይሆንም፣ ዛሬ ሞልቷል ተባለ። «እማዬ፣ በቃ እናንተ ሁለታችሁ ግቡ፤ እኛ እዚህ እንጠብቃለን» አለ ልጅ። ይህም አይሆንም! ባለካርዱ ካልገባ እንግዳው አይገባም።

እናት ነገሩ ሲተረጎምላቸው፣ «ታዲያ የኛ እንግዳ አንቺ ነሽ ወይስ እሷ?» ብለው እንግዳ ተቀባይዋን በአማርኛ ጠየቋት። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ፈገግ አለች። አራቱም ተመልሰው ብረት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እናት ከቦርሳቸው የአሶሳ ማንጎ አወጡ።

ይህቺ ታሪክ በተነሳች ቁጥር እንስቃለን። አንድ ቀን ግን ከሳቁ በኋላ ቁጭ ብለን አሰብንበት። «አንድ እንግዳ ብቻ» የሚለውን ደንብ ማን አወጣው? ይዞ መግባት የሚችለውና የማይችለውስ በምን ይለያል? ስናገላብጠው ነገሩ እኛ ዘንድ አዲስ እንዳልሆነ ገባን። እንዲያውም ለአሶሳ ሰው ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው።

ቋንቋችንን ራሱን እንይ። ጌታ ቤት ሄዶ እስኪፈቀድለት ውጭ የሚውል ሰው «ደጅ ጠና» ይባላል። ሹመት ፈላጊ፣ ርስት የተነጠቀ፣ ፍርድ የዘገየበት፣ ሁሉም ደጅ ይጠናል፤ ቀናትን አንዳንዴም ዓመታትን። በሩ ላይ የሚቆመው ሹም ደግሞ «እልፍኝ አስከልካይ» ነው። ስሙን ልብ በሉልን፤ ሥራው ማስገባት ሳይሆን መከልከል ነው! በግብር ጊዜ ሰውን እንደየማዕረጉ የሚያስገባውና የሚያስተናብረው አጋፋሪ ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠችውን ልጅ «እንግዳ ተቀባይ» እንላታለን። የአያቶቻችን ስም ይበልጥ ሐቀኛ ሳይሆን አይቀርም።

የምኒልክ አዳራሽ ግብር እንዴት እንደነበር ብዙ የውጭ አገር ጎብኚዎች ጽፈዋል። መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ በመጋረጃ ተከልለው ከመኳንንቱ ጋር ይበላሉ። ከዚያ መጋረጃው ይገለጣል፤ ሌላው ሹም ይገባል። ቀጥሎ ወታደሩ በሺህ እየሆነ በየተራ ይገባና ይወጣል። ጠጁም ሥጋውም እንደየደረጃው ነው። የንጉሥ እንግዳ የሆነ ሰው ደግሞ ባረፈበት ቦታ «ድርጎ» ይመጣለታል፤ በሬው፣ እንጀራው፣ ጠጁ። የድርጎው ብዛት የእንግዳውን ክብደት ይናገራል። የዛሬውን ላውንጅ ቡፌ ያየ ሰው ድርጎ ምን እንደነበር ለመገመት ብዙ አይቸገርም።

ወደዚህ አዳራሽ ከአሶሳ በኩል የመጣው ታዋቂ ሰው በክብር ጥሪ አልነበረም የመጣው። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ወደ ቤኒሻንጉል ዘመቱ። በአካባቢው ይገዙ ከነበሩት ሼኾች መካከል የአቆልዲው፣ ማለትም የአሶሳው፣ ሼኽ ኾጀሌ አልሐሰን ይገኙበታል። ከዘመቻው በኋላ ተይዘው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱና ታሰሩ። የተወሰኑ ዓመታት ከታሰሩ በኋላ ተፈቱ፤ ለምኒልክ ታማኝ ሆነው የአገራቸው ገዥነት ጸናላቸው። በእስረኝነት የገቡት ሰው በባለሟልነት ወጡ።

ለምን? መልሱ አንድ ቃል ነው፦ ወርቅ።

የቤኒሻንጉል ወርቅ ከምኒልክ በፊትም ብዙ እንግዳ ጠርቷል። የግብፁ መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1820 እና 1821 ሱዳንን ሲወር ከፈለጋቸው ነገሮች ሁለቱ ወርቅና ባሪያ ነበሩ። የወርቁ ነገር እንቅልፍ ስለነሳው በስተርጅና፣ እ.ኤ.አ. በ1838 መጨረሻ፣ ራሱ እስከ ፋዞግሊ ድረስ ተጉዞ መጥቷል። ጣሊያናዊው የታሪክ ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለዚህ አካባቢ ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ ላይ ጨውና ወርቅን ማስቀደሙ ያለምክንያት አይደለም።

ሼኽ ኾጀሌም ለቤተ መንግሥቱ የወርቅ ግብር ከፈሉ። በዚህም ከብዙ ባላባት የተሻለ ነገር አገኙ፤ በጉለሌ በኩል ከፍ ያለ ቦታ ላይ የራሳቸውን ቤት ሠሩ። ዛሬ የታክሲ ረዳቶች «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያሉ የሚጠሩት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእኚህ ሰው ነው። ሼኽ ኾጀሌ፣ ሸጎሌ። (በዚያ ታክሲ ስንት ዓመት ስንመላለስ ኖረን ይህን ያወቅነው ዩኒቨርሲቲ ገብተን ነው። እፍረቱ የኛ ነው።) ቤቱ ምን ይጠቅም ነበር ብትሉ፣ ደጅ ከመጥናት ያድናል። ከአሶሳ የመጣ የሼኹ ሰው የሌላ ጌታ አጥር ሥር አያድርም፤ የራሱ ማረፊያ አለው። በዛሬ ቋንቋ ብናወራው፣ አሶሳ አዲስ አበባ ላይ የራሷን ላውንጅ ከፍታ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ የሚል ታሪክ ነበር። ግን የሚጎመዝዘው ገና ነው። ግብሩ ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ነበር። የታሪክ ተመራማሪው አብዱሰመድ አሕመድ በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1938 ስለነበረው የባሪያ ንግድ በሰፊው ጽፈዋል። የበርታው፣ የጉሙዙ፣ የማኦና የኮሞው ልጅ እየተነጠቀ ይሸጥ፣ በስጦታም ይላክ ነበር። የሼኽ ኾጀሌ ባለቤት ሲት አምና በሱዳን ድንበር በኩል በዚሁ ንግድ ስማቸው ገንኖ፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1928 ያዟቸው። ባርነት በአዋጅ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ያ የጉለሌ ቤት በአንድ በኩል የአሶሳ ሰው ማረፊያ፣ በሌላ በኩል የአሶሳ ሰው የተከፈለበት ቤት ነው። ወርቁን ያጠበው ሰው በሩን አላየውም። ሼኹን ሙሉ ጀግና ወይም ሙሉ ወንበዴ አድርገን እንድንጽፍ የሚፈልጉ ጓደኞች አሉን፤ በሁለቱም አንስማማም።

አሁን ወደ አየር ማረፊያው እንመለስ። የዓለም የመጀመሪያው የአየር መንገድ ላውንጅ እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ላጋርዲያ ላይ በአሜሪካን ኤርላይንስ ተከፈተ፤ ስሙ አድሚራልስ ክለብ። መጀመሪያ ላይ በገንዘብ አይገባም ነበር። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሲ. አር. ስሚዝ ደስ ላሉት ሰዎች «አድሚራል» የሚል የክብር ማዕረግ ይሰጣል፤ ማዕረግ ያለው ይገባል። የኛዎቹ ነገሥታት ይህን ቢሰሙ «ደጃዝማችነት አይደል እንዴ!» ይሉ ነበር። በክፍያ መግባት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ያው ኩባንያ ማይል የሚያስቆጥር ፕሮግራም ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲኒየም እያሉ ሰውን በማዕድን ስም መመደብ ዓለም አቀፍ ልማድ ሆነ።

የኛ አየር መንገድ ሲጀምር እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረበትም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 ነበሩ፤ ወንበሩ በግድግዳው ግራና ቀኝ የተዘረጋ አግዳሚ፣ መሃሉ የታሰረ ጭነት። ነጋዴውም፣ ቄሱም፣ ገዥውም ከቡናና ከቆዳ ጋር ፊት ለፊት እየተያየ ይበር ነበር። ቢያንስ አየር ላይ ሁሉም እኩል ያቅለሸልሸዋል።

ዛሬ ደንቡ ረቅቋል። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስን ሲቀላቀል የላውንጁም ሕግ ዓለም አቀፍ ሆነ። የኛ ከፍተኛው ክፍል ክላውድ ናይን ነው፤ እሱ ቢዝነስ ነው፣ ፈርስት ክላስ የሚባል የለንም። በኅብረቱ ደንብ የቢዝነስ ቲኬት የያዘ ሰው ራሱ ይገባል እንጂ እንግዳ አይዝም። በፈርስት ክላስ የሚጓዝ አንድ እንግዳ ይይዛል። የጎልድ ካርድ ያለው ደግሞ በተራው ክፍል እየተጓዘም ቢሆን አንድ እንግዳ ይዞ ይገባል፤ እንግዳውም ተጓዥ መሆን አለበት፣ በኅብረቱ በረራ። ልዩነቱን ያዙልን። ብዙ ሺህ ብር ከፍሎ ቢዝነስ የተቀመጠው ሚስቱን ማስገባት አይችልም፤ ከኋላ የተቀመጠው ባለካርድ ይችላል። ይህ ደግሞ ቁርጥ የጥንቱ ሕግ ነው፤ በአዳራሹም ገብቶ መብላት አንድ ነገር፣ ሰው ይዞ መግባት ሌላ ነገር ነበር። ባለሟል የሚባለው ሁለተኛው ነው።

ባለሟልነቱ በምን ይገኛል? በርቀት። ከአዲስ አበባ አሶሳ በአየር 300 ማይል ገደማ ነው። ርቀቱን ብቻ ብናሰላ 10 ሺህ ማይል ለመሙላት የአሶሳ ሰው 17 ጊዜ ያህል ደርሶ መልስ መብረር ይኖርበታል። ዋሽንግተን የሚመላለሰው ሰው በአንድ ደርሶ መልስ ያልፈዋል። ማይሉ ሩቅ ለሚሄድ ያደላል፤ አሶሳ ሩቅ የሆነችው በማይል ሳይሆን በሌላ ነገር ነው።

ያ ሌላ ነገር መንገድ ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ የሚያልፈው ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ከ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ በግጭት ምክንያት በተደጋጋሚ ተዘግቷል፤ ክፍት በሆነባቸው ቀናትም ስንቱ ነፍሱን በእጁ ይዞ ነው የተጓዘው። በዚያን ጊዜ ለአሶሳ ሰው አውሮፕላኑ ራሱ ላውንጅ ሆነ፤ ወንበር ያገኘ ገባ፣ ያላገኘ ደጅ ጠና። ጓደኛችን የዚያን ሰሞን ለቲኬት ስንት ሰው ስልክ እንደደወለች ስትነግረን «እልፍኝ አስከልካይ» የሚለው ቃል አሁንም እንዳልሞተ ገባን። ወላጅ ሞቶባቸው ለቀብር ያልደረሱ ልጆች አሉ። ለእነሱ የቡፌና የሶፋ ወሬ ቅንጦት ነው።

ወርቁ ግን አሁንም አለ። በቤኒሻንጉል ወንዞች ዳር እናቶች ዛሬም አሸዋ እያጠቡ በግራም ይሸጣሉ። በኩርሙክ በኩል ደግሞ በቅርብ ዓመታት በውጭ ኩባንያ ትልቅ የማዕድን ማውጫ ግንባታ ተጀምሯል። ለዚያ ሥራ የሚመላለሱት ባለሙያዎች በአሶሳ ያልፋሉ፤ ከመካከላቸው ኪሱ ውስጥ ጎልድ ካርድ የሌለው ጥቂት ቢሆን አይገርመንም።

ማንጎው ያለቀ ጊዜ፣ አለችን ጓደኛችን፣ እናቷ ካርዱን ከወንድሟ ተቀብለው አገላብጠው አዩት። እሳቸው ልጅ ሳሉ ከእናታቸው ጋር ወንዝ ዳር ወርቅ ሲያጥቡ ያደጉ ሴት ናቸው። መዳፋቸው ላይ አድርገው ሚዛን እንደሚያነሳ ሰው ከፍ ዝቅ አደረጉት።

«ወርቅ ነው ያልከኝ ይሄን ነው?»

«አዎ እማዬ፣ ጎልድ ነው የሚባለው።»

«ስንት ግራም ነው?»

አክስት ምን እንደተባለ ጠየቁ። እናት በበርታ ነገሯቸው። ከታመሙ ወዲህ እንደዚያን ቀን ስቀው አያውቁም ነበር።